ለወዳጅ ያበደርነው ገንዘብ ሲቀር ምን እናድርግ?

«ብድር በምድር» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ የተነገረው ስለ ውለታና ስለ በደል ነው። ስለ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ብዙው ሰው «ኧረ ተወኝ ጃል!» ባለ ነበር። አንዱ ለሳሙናና ለደብተር የተላከለትን፣ ሌላው ለመሳፈሪያ ያስቀመጠውን ለጓደኛው ያበድርና፣ ወር አልፎ ወር ሲተካ ለመጠየቅ እያፈረ ይኖራል። ተበዳሪውም በበኩሉ አበዳሪውን ከሩቅ ባየ ቁጥር መንገድ መለወጥ ይጀምራል። በምግብ አዳራሽ ወንበር ይለዋወጣሉ፤ ሰላምታው ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ ገንዘቡም ይቀራል፣ ወዳጅነቱም ይቀራል።

ጉዳዩ በተለይ እኛን እጩ መምህራንን የሚመለከትበት ምክንያት አለ። ሥልጠናው ሲያልቅ ሁላችንም በአንድ ከተማ አንቀመጥም። አንዱ ደባርቅ፣ አንዱ ጃን አሞራ፣ አንዱ ጭልጋ፣ አንዱ ደንቢያ፣ አንዱ በለሳ ይሄዳል። በአንድ ግቢ እያለን ያልተከፈለ ገንዘብ ከተበተንን በኋላ ይመለሳል ብሎ ማሰብ ከባድ ነው። ስለዚህ ያበደርነውን ገንዘብ ሳንጣላ የምናስመልስበትን መንገድ፣ ካልሆነም ሕጉ የሚለውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነገሩ ከመነሻው እንዳይበላሽ የሚደረገውን ከዚህ ቀጥሎ በየተራ እንመለከታለን።

ብድር ስንል ምን ማለታችን ነው?

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ስለ ውልና ስለ ብድር የሚናገሩት ክፍሎቹ ዛሬም ይሠራሉ። በሕጉ ቁጥር 2471 መሠረት ብድር ማለት አንድ ሰው ገንዘብ ወይም ሌላ ሲጠቀሙበት የሚያልቅ ነገር ለሌላው ሰጥቶ፣ ተቀባዩ በዓይነትና በመጠን ያንኑ የሚያህል ለመመለስ ግዴታ ሲገባ ነው። እንግዲህ በወገራ ደጋ አንድ ገበሬ በክረምት ለዘር ወስዶ በመኸር የሚመልሰው ገብስም ብድር ነው ማለት ነው።

ብድር ከውሰት ይለያል። ጃኬት ወይም መጽሐፍ ያዋሰ ሰው የሚመለስለት ራሱ ዕቃው ነው። ብድር ከስጦታም ይለያል፤ ስጦታ አይመለስም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ገንዘብ ስንሰጥ «እንካ ውሰድ፣ ምን ችግር አለው» እንላለን። «ውሰድ» የሚለው ቃል ለሰጪው ብድር ነው፤ ለተቀባዩ ግን ቀስ እያለ ስጦታ ይሆናል። መቼ እንደሚመለስ ካልተነገረ፣ ተበዳሪው ቀኑን በራሱ ልብ ያራዝመዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁም ነገር «ይህ ብድር ነው፤ የሚመለሰውም በዚህ ቀን ነው» ብሎ በግልጽ መናገር ነው።

ድሮ እንዴት ነበር?

ቀደም ባለው ዘመን በአገራችን ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ከአበዳሪው ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰር ነበር። ይህም ቁራኛ ይባላል። ተበዳሪው ዋስ እስኪጠራ ወይም እስኪከፍል ድረስ ሁለቱ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ልማዱ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገና ይታይ ነበር። ዛሬ ሰንሰለቱ ቀርቶ ቃሉ ብቻ በቋንቋችን ቀርቷል፤ ሁልጊዜ የሚጠበቅን ሰው «የዓይን ቁራኛ ሆነ» የምንለው ከዚሁ የመጣ ነው። ተካራካሪዎችም ወደ ዳኛ ሲሄዱ የኩታቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው ይሄዱ ነበር። አንዱ ሌላውን «በሕግ አምላክ!» ካለው መቆም ግድ ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የነበረ አይደለም። የታወቀው እንግሊዛዊ ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1824 አባቱ በዕዳ ምክንያት ማርሻልሲ በሚባለው የለንደን እስር ቤት ታስረው ነበር። ልጁም ትምህርቱን ትቶ በፋብሪካ ሠራተኛ ሆነ። በዕዳ ማሰር ትልቅ ጉድለት አለው፤ የታሠረ ሰው አይሠራም፣ ያልሠራም አይከፍልም። በዚህ ምክንያት እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1869 በወጣ ሕግ በዕዳ ማሰርን በአብዛኛው አስቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣውና ኢትዮጵያም በ1993 የገባችበት የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11፣ ማንም ሰው የውል ግዴታውን ለመፈጸም ባለመቻሉ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ዛሬ ለዕዳ የሚጠየቀው የሰውየው ንብረት ነው እንጂ አካሉ አይደለም። «ካልከፈልከኝ አሳስርሃለሁ» የሚለው ዛቻ በተራ ብድር ላይ ዋጋ የለውም። ነገር ግን ሲጀመር በማታለል የተወሰደ ገንዘብ ወይም በባንክ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተሰጠ ቼክ የተለየ ነገር ነው። እነዚህን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይቀጣል።

ለምን አይመልስም?

ሐኪም በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት አያዝም። የማይመልስ ተበዳሪም ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው የሌለው ነው። አስቦ ነው የተበደረው፤ ነገር ግን ይላክልኛል ያለው ሳይላክለት ቀረ፣ ቤተሰቡ ታመመ፣ እህሉ በበረዶ ተመታ። ይህ ሰው የሚሸሸው ከክፋት ሳይሆን ከሐፍረት ነው። እሱን በሰው ፊት ማዋረድ ገንዘብ አያመጣም።

ሁለተኛው ቸልተኛው ነው። ገንዘብ አለው፣ ግን ካልተጠየቀ አያስታውስም። «እሱ እኮ ወንድሜ ነው፣ አይቸኩልም» ብሎ ሌላ ሌላውን ያስቀድማል። የዚህ መድኃኒቱ ቀንና መጠን ጠቅሶ መጠየቅ ብቻ ነው።

ሦስተኛው እምቢተኛው ነው። ወይ «አልወሰድኩም» ይላል፣ ወይ «ከፍያለሁ» ይላል፣ ወይም ደግሞ «ምን ታመጣለህ?» ይላል። ለእንዲህ ያለው ነው ሽማግሌና ፍርድ ቤት የሚያስፈልገው። እንግዲህ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ነገር፣ አንደኛውን እንደ ሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ደግሞ እንደ አንደኛው አድርገን ስለምንይዘው ነው።

የማስመለሻው ደረጃዎች

ሀ) በግል መጠየቅ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር እጅና እግራችንን አሥሮ ይዞናል። የራሱን ገንዘብ የሚጠይቅ ያፍራል፣ የሰው ገንዘብ የያዘ ግን ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ይህ መገልበጥ አለበት። አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። «እንደው ያች ነገር… ብቻ ተወው» ብሎ መቅለስለስ መልስ አያመጣም። «አንተ ሌባ!» ማለትም እንደዚሁ። ለብቻ ጠርቶ ቀኑን፣ መጠኑንና የሚፈልጉበትን ምክንያት መንገር ይሻላል። ለምሳሌ፦

«ስማ ወንድሜ፣ ጥቅምት 5 ቀን የወሰድካት 3,000 ብር ነበረች። እኔም ለእናቴ የምልከው ጨንቆኛል። መቼ ትሰጠኛለህ?»

«አሁን እኮ የለኝም ጃል።»

«እሺ፣ አሁን ስንት አለህ? የቀረውንስ በየወሩ ስንት ስንት ትከፍለኛለህ?»

በዚህ ንግግር ውስጥ ስድብ የለም፣ መሸሻም የለም። ጥያቄው ይከፍላል ወይስ አይከፍልም ሳይሆን መቼና በስንት ነው። ተበዳሪው በዕድሜ ታላቅ ከሆኑም በአንቱታ፣ «አያ እገሌ፣ ያችን የጥቅምቷን ብር እንዲያስቡልኝ ብዬ ነው፤ ለየትኛው ቀን ይመችዎታል?» ማለት ነውር የለበትም።

ለ) ከፋፍሎ መቀበል። 3,000 ብር ባንድ ጊዜ መክፈል ያቃተው ሰው በየወሩ 500 ብር ቢከፍል በ6 ወር ይጨርሳል። «ሙሉውን ካላመጣህ አልቀበልም» ማለት ብዙ ጊዜ ምንም ሳይቀበሉ መቅረት ነው። ደግሞም ከፊሉን መክፈል ዕዳውን ማመን ስለሆነ በሕግም ጥቅም አለው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። የተከፈለው ሁሉ ከነቀኑ ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙበት።

ሐ) ሽማግሌ። በጎንደርና በዙሪያው ባለው ደጋ የሽማግሌ ዳኝነት የታወቀ ነው። አንድ አበዳሪው፣ አንድ ተበዳሪው ይመርጣሉ፤ ሦስተኛውን ሁለቱ ይስማሙበታል። በግቢያችንም ከሰልጣኞች ወይም ከመምህራን ሁለቱም የሚያከብሯቸውን ሰዎች መለመን ይቻላል። የሽማግሌ ጥቅሙ እውነቱን ማውጣት ብቻ አይደለም። ተበዳሪው ለአበዳሪው ለመስጠት የሚያፍረውን ቃል ለሽማግሌ ይሰጣል፤ አበዳሪውም ለተበዳሪው ያልተወውን ለሽማግሌ ብሎ ይተዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በእርቅ የሚደረግን ስምምነት ያውቀዋል። ነገር ግን እርቁ በአፍ ብቻ ከቀረ ነገ «እንዲህ አልተባለም» ይመጣል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ተጽፎ ይፈረም።

መ) የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ሽማግሌ ካልረዳ፣ ዕዳው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደተወሰደና እስከ መቼ እንዲከፈል እንደሚፈለግ አጭር ደብዳቤ ጽፎ መስጠት ነው። አንድ ግልባጭ ከአበዳሪው ዘንድ ይቀመጥ፣ ተበዳሪውም መቀበሉን ይፈርም። የመመለሻ ቀን ያልተቆረጠለት ብድር ከሆነ ሕጉ ተበዳሪው ከተጠየቀበት ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ እንዲመልስ ያዛል። ማስጠንቀቂያው ያ ወር መቼ እንደጀመረ ያሳያል።

ሠ) ዳኝነት መጠየቅ። ይህ ሁሉ ካልሆነ የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ።

500 ብርና ምስክር

«ሦስት ሰው እያየ ነው የሰጠሁት፣ ይመሰክሩልኛል» የሚል ብዙ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ግን ከ500 ብር የበለጠ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። እንግዲህ ሦስት አይደለም ሠላሳ ሰው ቢመሰክር፣ ብድሩ ከ500 ብር ከበለጠና ተበዳሪው ከካደ፣ የሰው ምስክር ብቻውን አይበቃም። ከፍያለሁ የሚለውም ተበዳሪ ከ500 ብር በላይ መክፈሉን የሚያስረዳው በዚሁ መንገድ ነው። ሕጉ ለሁለቱም እኩል ነው።

ይህ ቁጥር ሲጻፍ 500 ብር ቀላል ገንዘብ አልነበረም። በዚያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር ሁለት ብር ከሃምሳ ሣንቲም ገደማ ስለነበረ፣ 500 ብር ወደ 200 ዶላር ይጠጋ ነበር። የሕጉ አሳብም ትንንሽ ብድር በምስክር ይለቅ፣ ትልልቁ ይጻፍ የሚል ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ያው 500 ብር 5 ዶላር አይሞላም። ስለዚህ ዛሬ በመኝታ ክፍል ውስጥ የሚደረግ ብድር እንኳ አብዛኛው «መጻፍ ያለበት» ሆኗል። ሕጉ ሳይለወጥ ኑሮው ተለወጠ ማለት ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ቃል ከሕጉ ጋር አንድ ነው።

በባንክ ወይም በቴሌብር የተላከ ገንዘብስ? ደረሰኙ ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ያሳያል። ስለ ምን እንደሄደ ግን አይናገርም። ተቀባዩ «የድሮ ዕዳውን ነው የከፈለኝ» ወይም «ስጦታ ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ ደረሰኙን መያዝ ጥሩ ነው፤ ግን ከውሉ ጋር እንጂ በውሉ ፈንታ አይሁን።

ምንም ሳይጽፍ ያበደረ ሰውስ ተስፋ ይቁረጥ? አይቁረጥ። ተበዳሪው ገና ሳይክድ፣ ወዳጅነቱም ሳይፈርስ፣ «ለሁለታችንም እንዲሆን በጽሑፍ እናድርገው» ብሎ ዕዳውን የሚያምንበት ወረቀት ማስፈረም ይቻላል። የክፍያ ቀን ማራዘሚያ ሲጠይቅ «እሺ፣ አዲሱን ቀን እንጻፈው» ማለት በጣም ጥሩ አጋጣሚ ነው። በመካድ የጸና ከሆነም በፍርድ ቤት መሐላ ይቀራል። በሐሰት መማል ለሁሉም ሰው ቀላል አይደለም።

ፍርድ ቤት ሲኬድ

ክሱ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት ነው። ትንንሽ ገንዘብ ከሆነ፣ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት በሚሠራበት ቀበሌ በዚያ ሊታይ ይችላል፤ ከዚያ ከፍ ያለው በወረዳ ፍርድ ቤት ይታያል። የዳኝነት ገንዘብ በሚጠየቀው ዕዳ መጠን ይከፈላል፤ አቅም የሌለው በድኃ ደንብ እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 284 ጀምሮ ለእንዲህ ያለው ክስ አጭር መንገድ አበጅቷል። መጠኑ ቁርጥ የሆነ የገንዘብ ዕዳ በጽሑፍ ማስረጃ ተደግፎ ሲጠየቅ፣ ከሳሹ «በአጭር ሥነ ሥርዓት ይታይልኝ» ብሎ በቃለ መሐላ ሊያቀርብ ይችላል። በዚህ ጊዜ ተከሳሹ ለመከራከር በመጀመሪያ ፈቃድ መጠየቅና በቂ ምክንያት ማሳየት አለበት፤ ካላሳየ ይፈረድበታል። ያች አንድ ገጽ ወረቀት ዓመት የሚፈጅ ክርክር ልታሳጥር ትችላለች።

ወለድስ? ወለድ ይከፈላል ተብሎ ካልተዋዋሉ በብድሩ ዘመን ወለድ አይታሰብም። በውል የሚወሰነውም በዓመት ከመቶ 12 መብለጥ አይችልም። የመክፈያው ቀን አልፎ ተበዳሪው ከዘገየ ግን፣ ወለድ ባይጻፍም በዓመት ከመቶ 9 ሕጋዊ ወለድ ይታሰባል። በ3,000 ብር አንድ ዓመት ቢዘገይ 270 ብር መሆኑ ነው። 3,000 ብር አበድሮ በወረቀት 5,000 ማስፈረም ግን አራጣ ነው። አራጣ ደግሞ በወንጀል ያስቀጣል።

ከፍርድ በኋላ ተበዳሪው ካልከፈለ አበዳሪው በአፈጻጸም ንብረቱን ማስያዝ ይችላል። ቢሆንም ሕጉ ለባለዕዳው መኖሪያ የሚሆነውን፣ እንደ ልብሱና እንደ ሥራ መሣሪያው ያለውን ይተውለታል። ደመወዝተኛ ከሆነም ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛው በላይ አይቆረጥም።

ጊዜን በተመለከተ፣ ለእንዲህ ያለ ዕዳ ይርጋው 10 ዓመት ነው። ተበዳሪው በመካከሉ ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ወይም ከፊሉን ከከፈለ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ከፋፍሎ መቀበል ጥቅም አለው ያልነው ስለዚህም ጭምር ነው።

የማይደረግ ነገር

ዕዳ አለብኝ ያለውን ሰው ራዲዮ ወይም ስልክ ነጥቆ መያዝ፣ ሻንጣውን ቆልፎ ማስቀመጥ፣ በክፍል በር ላይ ስሙን ጽፎ መለጠፍ፣ ሳይሰርቅ «ሰረቀኝ» ብሎ ለፖሊስ ማመልከት፣ እነዚህ ሁሉ ባለገንዘቡን ጥፋተኛ ያደርጉታል። ያን ጊዜ ተበዳሪው ከሳሽ፣ አበዳሪው ተከሳሽ ይሆናል። 3,000 ብር ለማስመለስ ሲሉ ሌላ 3,000 ብር ካሣ መክፈል ከዚህ የመጣ ነው።

እቁብ ለምን አይቀርም?

አንድ ነገር እናስተውል። የጓደኛውን 500 ብር የሚረሳ ሰው የእቁቡን መዋጮ አይረሳም። ለምንድን ነው? ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አሠራሩ ነው። አንደኛ፣ እቁብ የታወቀ ቀን አለው። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ስምና መጠን ይጽፋል። ሦስተኛ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ሲወስድ ዋስ ይጠራል። አራተኛ፣ ሰው ያየዋል። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም ለገበሬዎች በቡድን ዋስትና ሲያበድር የኖረው በዚሁ አሳብ ነው። እንግዲህ እነዚህን አራት ነገሮች ወደ ጓደኛ ብድር ማምጣት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ለምሳሌ የሚከተለው በቂ ነው።

«እኔ (የተበዳሪው ሙሉ ስምና አድራሻ) ከ(የአበዳሪው ሙሉ ስምና አድራሻ) ብር 3,000 (ሦስት ሺህ ብር) ዛሬ በ(ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት) በብድር ተቀብያለሁ። ይህንኑ ገንዘብ እስከ (ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት) ድረስ ሙሉ በሙሉ እመልሳለሁ። የተበዳሪ ፊርማ፣ የአበዳሪ ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ።»

መጠኑ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፤ 3ን 8 ማድረግ ለማንም አያቅትም። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንድ አንድ ይያዙ። ዋስ ካለ፣ ዋስ መሆኑና እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚዋስ በግልጽ ይጻፍ። ከጎን ቆሞ «አይዞህ እኔ አለሁ» ያለ ሰው በሕግ ፊት ዋስ አይደለም። ዕዳው ሲያልቅ ወረቀቱ ለተበዳሪው ይመለስ፣ መከፈሉም ይጻፍበት።

«ጓደኛዬን ወረቀት ካስፈረምኩት ይቀየመኛል» የሚል አይጠፋም። በእርግጥ ሊያኮርፍ ይችላል። ግን የፈረመ ጓደኛ የሚያኮርፈው አንድ ቀን ነው፤ ያልከፈለ ጓደኛ ግን ለሁልጊዜ ይጠፋል። ደግሞ ሊመልስ ያሰበ ሰው ቀን ከመጻፍ ምን ይጎዳዋል? ከዚህም ሌላ፣ ሰው ቢቀርበት የማይጎዳውን ያህል ብቻ ቢያበድር ይመረጣል። 3,000 ለጠየቀ ወዳጅ «ይህን ያህል የለኝም፣ 300 ግን እንካ፣ አትመልሳት» ማለትም አንድ መንገድ ነው። ገንዘቡ ከወጪውና ከድካሙ ያነሰ ከሆነ፣ ወይም ተበዳሪው በእውነት ችግር ላይ ከወደቀ፣ መተውም ይቻላል። ሲተው ግን «ትቼልሃለሁ» ብሎ ነግሮ ይተው። ሳይነግሩ መተው ቂም ይዞ መኖር ነው።

ተበዳሪ የሆንን ደግሞ አንድ ነገር እንወቅ። አበዳሪን የሚያስቆጣው የገንዘቡ መዘግየት ብቻ አይደለም፤ ዝምታው ነው። ቀኑ ከመድረሱ በፊት «አልሞላልኝም፣ ይህን ያህል ልስጥህና የቀረውን በሚመጣው ወር» ያለ ሰው ስሙን አያጠፋም። መሸሽ ግን ሌለውን ሰው እምቢተኛ ያስመስለዋል።

መምህሩና የገበሬው ወረቀት

በመጨረሻ ስለ ነገው ሥራችን አንድ ቃል። በገጠር ትምህርት ቤት የሚመደብ መምህር ልጆችን ብቻ አያስተምርም። የገበያ ዕለት አንድ አባት መጥተው «እስቲ የኔታ፣ ይችን ወረቀት ጻፉልን፤ እህል ላበድረው ነው» ይላሉ። መምህሩ ይጽፋል፣ ተበዳሪው በጣቱ ይፈርማል፣ ሁሉም መርቀው ይሄዳሉ። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728፣ ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የጣት ፊርማ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ሕጉ ይህን ያደረገው ያላነበበውን ወረቀት የፈረመ ሰው እንዳይጠቃ ነው። መምህሩ ይህን ካላወቀ፣ በቅን ልብ የጻፋት ወረቀት በክርክር ቀን ለባለ እህሉ ሳትጠቅም ትቀራለች። ካወቀ ግን «አባባ፣ እኔ እጽፍልዎታለሁ፤ ይህን ይዛችሁ አብራችሁ ወረዳ ሄዳችሁ አስረጋግጡት» ይላቸዋል።

ስለዚህ የብድርን ነገር ዛሬ እዚሁ በመካከላችን በሥርዓት ማድረግ ብንጀምር፣ ለራሳችን ገንዘብና ለወዳጅነታችን ይጠቅማል። ነገ በየወረዳው ስንበተን ደግሞ ወረቀት አጻጻፉን ለሚጠይቁን ሰዎች የምናውቀውን ይዘን እንሄዳለን። ከምርቃት በፊት ያለብንን እንክፈል፣ የሚከፈለንን እንጠይቅ፣ ያልተጻፈውንም ተቀምጠን እንጻፍ።